ምክትሉ ተተኪ ነውን? ስለ ምክትል ርእሳነ መምህራን አመራረጥና ዝግጅት

በአስተዳደር ቋንቋችን ውስጥ ሦስት ቃላት ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ቦታ እየገቡ ሲያገለግሉ ይታያሉ፤ እነርሱም ረዳት፣ ወኪልና ምክትል የሚሉት ናቸው። ረዳት የሚባለው በሌላው ሰው ሥራ ላይ ጉልበቱንና ዕውቀቱን የሚጨምር ነው፤ ሥራው ግን የዚያው የሌላው ሰው ነው። ወኪል የሚባለው ለተወሰነ ጊዜና ለተወሰነ ጉዳይ በሌላው ስም የሚናገርና የሚፈርም ሲሆን፣ ጊዜው ሲያልፍ ሥልጣኑም አብሮ ያልፋል። ምክትል ግን፣ “ተከተለ” ከሚለው ግሥ ጋር ሥሩ አንድ እንደ መሆኑ መጠን፣ ከፊተኛው ቀጥሎ የሚመጣውን፣ የፊተኛው ቦታ ክፍት በሆነ ጊዜ በዚያ ሊቆም የሚገባውን ሰው ያመለክታል። በትምህርት ቤቶቻችን “ምክትል ርእሰ መምህር” የሚል ጽሑፍ በቢሮአቸው በር ላይ የተለጠፈላቸው አያሌ ባልደረቦቻችን በስም ምክትል፣ በሥራ ግን ረዳት፣ ርእሰ መምህሩ ለስብሰባ ወደ ወረዳ በሄደ ቀን ደግሞ ወኪል ሆነው ይኖራሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልዩነት የቃላት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ማስረዳት፣ ምክትል ሲመረጥ ምን ሊታይ፣ ከተመረጠም በኋላ ምን ሊሰጠው እንደሚገባ ማመልከት ነው።

የአንድ ትምህርት ቤት ገጠመኝ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ባስተማረበት አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የደረሰው ነገር ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። ርእሰ መምህሩ ትጉህና ሁሉን በእጃቸው የሚሠሩ ሰው ነበሩ። በየካቲት ወር፣ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በተጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ወደ ሌላ ኀላፊነት የተዛወሩበት ደብዳቤ ሰኞ ደረሳቸው፤ ሐሙስ ዕለት ቁልፍና ማኅተም አስረክበው ሄዱ። ምክትላቸው በዚያው ቦታ ሰባት ዓመት የቆዩ፣ በተማሪውም በመምህሩም የተከበሩ፣ ከጠዋቱ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት አንሥቶ እስከ መጨረሻው ደወል ድረስ ከግቢው የማይጠፉ ሰው ነበሩ። የክፍለ ጊዜ ድልድሉን በቃላቸው ያውቁታል፤ የቀረ መምህር ክፍል በማን እንደሚሸፈን ለመወሰን አንድ ደቂቃ አይፈጅባቸውም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ይቸገራል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ችግሩ መታየት የጀመረው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ለቤተ ሙከራ ኬሚካልና የመስታወት ዕቃ መግዣ ገንዘብ ተይዞ፣ የዋጋ ማቅረቢያም ከነጋዴዎች ተሰብስቦ ነበር፤ ነገር ግን ከማን ጋር ምን ደረጃ ላይ እንደ ተደረሰ የሚያውቁት የሄዱት ርእሰ መምህር ብቻ ነበሩ። በባንክ የሚገኘው የፊርማ ናሙናም የእሳቸው ስለ ሆነ ገንዘብ ማውጣት አልተቻለም። ናሙናውን ለማስለወጥ ባንኩ ደብዳቤ ሲጠይቅ፣ ደብዳቤውን የሚጽፈው መሥሪያ ቤት ደግሞ ቋሚ ሹመት እስኪሰጥ ድረስ ቆዩ ሲል፣ መጋቢትና ሚያዝያ አለፉ። ሰኔ 30 ቀን የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ገንዘቡ አልተሠራበትም ነበር፤ የዚያ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪዎችም ቲትሬሽን የሚባለውን ሙከራ የተማሩት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በተሣለ ሥዕል ነው። የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ስም ዝርዝር ለእርማት ተመልሶ በመጣ ጊዜም፣ ጉዳዩን የቀድሞው ርእሰ መምህር በግላቸው ይከታተሉት ስለ ነበር፣ የማረሚያው ቀን ሳይታወቅ አለፈ። የአባታቸው ስም በስሕተት የተጻፈባቸው ተማሪዎች ወላጆች ፊደል ለማስቀየር ዓመት ሙሉ ተመላለሱ።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ወቀሳው ሁሉ በምክትሉ ላይ ወደቀ። አቅራቢው ግን ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ ወቀሳውን አይቀበለውም። ሰውየው ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ የዋጋ ማወዳደሪያ ቃለ ጉባኤ እንዳልፈረሙ፣ የበጀት ጥያቄ እንዳላዘጋጁ፣ የወላጅ መምህር ኅብረትን ስብሰባ እንዳልመሩ ኋላ ራሳቸው ነገሩን። በማኅደራቸው ላይ የሰባት ዓመት የአመራር ልምድ ተብሎ የተመዘገበው በእርግጥ የሰባት ዓመት የደወልና የዲሲፕሊን ልምድ ነበር። ይህን የሚያክል ጊዜ በቦታው ላይ የቆየ ሰው ለቦታው ሳይበቃ መቅረቱ የእሳቸው ጉድለት ሳይሆን የአሠራሩ ነው።

ምክትል የሚመረጥባቸው ልማዶች

መመሪያዎች ስለ ትምህርት ደረጃ፣ ስለ አገልግሎት ዘመንና ስለ ሥራ አፈጻጸም ውጤት የሚያስቀምጧቸው መስፈርቶች እንደ ተጠበቁ ሆነው፣ በተግባር ምርጫውን የሚወስኑት ሌሎች ልማዶች ናቸው። አንደኛው ቅድሚያ ለቆየው መስጠት ነው። ይህ ልማድ ቢያንስ ጭቅጭቅን ያበርዳል፤ ነገር ግን ሰውየው ምን ያህል እንደ ቆየ እንጂ ወደ ፊት ምን ሊሠራ እንደሚችል አይነግረንም። ሁለተኛው ተማሪ የሚፈራውን ሰው መምረጥ ነው። ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ፣ በኮሪደር ሲያልፍ ጫጫታ የሚበርድለት መምህር በብዙ ትምህርት ቤቶች ለምክትልነት የተወለደ ተደርጎ ይቈጠራል። የግቢ ጸጥታ ከትምህርት ቤት አመራር ሥራ አንዱ ክፍል መሆኑ አይካድም፤ ችግሩ ሰውየው ከዚያ ክፍል ሳይወጣ መቅረቱ ነው። ርእሰ መምህሩ ለዚህ ተግባር መርጦታልና ሌላ ተግባር አይሰጠውም፤ ሌላ ተግባር ስላልተሰጠውም ሌላ ነገር እንደማይችል ይታመናል።

ከሁሉ የሚከፋው ሦስተኛው ልማድ ግን የማያሰጋውን ሰው መምረጥ ነው። ይህ በየትኛውም ቃለ ጉባኤ ላይ ተጽፎ አይገኝም። አንድ ርእሰ መምህር በዕጩዎቹ ላይ አስተያየት እንዲሰጥ ሲጠየቅ “ታዛዥ ነው”፣ “ተግባቢ ነው”፣ “ከእኔ ጋር ይሠራል” በሚሉ ቃላት ውስጥ ተሸሽጎ ይመጣል። በስብሰባ ላይ ሐሳቡን በድፍረት የሚናገረው፣ የዕቅዱን ጉድለት ከማንም አስቀድሞ የሚያየው የትምህርት ክፍል ኀላፊ “አስቸጋሪ” ተብሎ ይታለፋል። ርእሰ መምህሩን ብቻ መውቀስ ግን ትክክል አይሆንም። ሹመቱ በአንድ ደብዳቤ ተሰጥቶ በአንድ ደብዳቤ የሚነሣበት ሰው፣ አጠገቡ ብቁ ተተኪ መኖሩን ለራሱ መነሣት እንደ ምክንያት ቢያየው አያስደንቅም። ብቁ ምክትል ማፍራቱ እንደ ሥራ ውጤት ተቈጥሮለት የማያውቅ ከሆነ፣ የሚያገኘው ትርፍ ምንድን ነው? ዕቅድ አውጪዎች ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ የመምረጫ መስፈርቱን ብቻ ቢያጠብቁ ብዙ ለውጥ አይመጣም።

ከአብነት ትምህርት ቤት የሚገኝ ልምድ

ተተኪን በሥራ ላይ ማዘጋጀት ከውጭ የሚመጣ አዲስ ዘዴ ይመስለን ይሆናል። ይሁን እንጂ በራሳችን የትምህርት ታሪክ ውስጥ የቆየ ልምድ አለ። በፊደል ቤት ዳዊት የደረሰው ልጅ ፊደል ቈጣሪውን ያስቈጥራል። በቅኔ ቤት ጀማሪው የቈጠረውን ቅኔ የሚያደምጡለትና የሚያርሙለት ሁልጊዜ መምህሩ ራሳቸው አይደሉም፤ ከቆዩት ተማሪዎች መካከል አስነጋሪ የሚባለው ይህን ኀላፊነት ይወስዳል። ልብ ሊባል የሚገባው አስነጋሪው የሚሠራው ሥራ ልምምድ አለመሆኑ ነው። የሚያርመው እውነተኛ ተማሪ እውነተኛ ቅኔ ነው፤ ቢሳሳት ስሕተቱ በተማሪው ላይ ይታያል፤ የኔታም በቅርብ ስለሚገኙ ይሰሙታል። ይህ ሰው ነገ ተመርቆ የራሱን ጉባኤ ሲዘረጋ፣ ማስተማርን የሚጀምረው በዚያን ቀን አይደለም።

የቤተ ክርስቲያኑ የማኅሌት ሥርዓትም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ከመሪጌታው ጋር ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ይቆማሉ፤ ሁለቱም በየወገናቸው ያለውን መዘምር ይመራሉ። መሪጌታው ቢታመም ማኅሌቱ አይታጐልም፤ ከመሪጌታው ቀጥሎ የሚቆመውም አንድ ሰው ብቻ አይደለም። በአንድ ተተኪ ላይ ብቻ መመካት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለመረዳት የአገራችንን የቅርብ ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሕመም በጸናባቸው ጊዜ፣ በ1901 ዓ.ም.፣ የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ አድርገው መረጡ፤ ወራሹ ገና ልጅ ስለ ነበሩም ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚትና እንደራሴ ሆኑ። ራስ ቢትወደድ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ ግን በቦታቸው ሌላ እንደራሴ አልተተካም። ወራሹ መንግሥትን የሚያህል ሥራ የያዙት ከልምድ ካለው ሰው ጎን ሠርተው ሳይበቁ ነው፤ በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። ለዚህ ሌሎች ብዙ ምክንያቶች እንዳሉ የታወቀ ነው፤ እነርሱን መመዘን የታሪክ ጸሐፊዎች ድርሻ ነው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ዝግጅቱ ሁሉ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በዚያው ቀን አልጋ ወራሽና እንደራሴ የሆኑት ራስ ተፈሪ ግን አስቀድመው ሐረርን ያህል ግዛት አስተዳድረው ነበር፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ እስኪጭኑ ድረስም 14 ዓመት ያህል በእንደራሴነት የመንግሥትን ሥራ ሠሩ፤ ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችውም በዚሁ ዘመን ነው።

የአየር መንገዱ ምሳሌ

ከመንግሥት ሹመት ይልቅ ለትምህርት ቤት ሥራ የሚቀርብ ምሳሌ የሚገኘው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ውስጥ ነው። አየር መንገዱ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም የሚተዳደረው ቲ.ደብሊዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ውል ሲሆን፣ አብራሪዎቹም ሥራ አስኪያጆቹም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ይህ በዚያ ዘመን በብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችንም የነበረ ሁኔታ መሆኑን የዕድሜ ባለጸጋ አንባብያን ያስታውሱታል። ልዩነቱ አየር መንገዱ መተካካትን በውል ላይ ማስፈሩ ነው። ውሉ እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሻሻል የመጨረሻው ግብ ድርጅቱን ሙሉ በሙሉ በኢትዮጵያውያን ማሠራት መሆኑ ተገለጸ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ አብራሪ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1966 ውሉ እንደ ገና ተሻሽሎ ኢትዮጵያዊ ምክትል ዋና ሥራ አስኪያጅ የሚሾምበት ቦታ ተፈጠረ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ከመቋቋሙ እስከዚህ ድረስ ወደ 25 ዓመት ወስዷል። በአንድ ደብዳቤ የተፈጸመ መተካካት አልነበረም፤ በላይኛው ወንበር ላይ ኢትዮጵያዊ ከመቀመጡ በፊት በአውሮፕላኑም በቢሮውም ሁለተኛው ወንበር ተይዞ፣ ተሠርቶበትም ነበር።

ስለ አውሮፕላኑ ሁለተኛ ወንበር ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከትምህርት ቤት ምክትል ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ ረዳት አብራሪው የካፒቴኑን ቦርሳ የሚይዝ ሰው አይደለም። በዓለም ዙሪያ በሚሠራበት ልማድ መሠረት ሁለቱ በረራውን ይፈራረቁበታል፤ በአንዱ ጉዞ ካፒቴኑ ሲያበር ረዳቱ መሣሪያዎችን ይከታተላል፣ በሚቀጥለው ጉዞ ረዳቱ አውሮፕላኑን ያነሣል፣ ያሳርፋልም፤ ካፒቴኑ ደግሞ ይከታተላል። የመጨረሻው ኀላፊነት ሁልጊዜ የካፒቴኑ ነው። መንገደኛው የትኛው እንዳሳረፈው አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። ከዚህም በላይ አብራሪዎች ሲሙሌተር በሚባለው የበረራ መለማመጃ መሣሪያ ላይ በየጊዜው ሲፈተኑ፣ አንዱ በድንገት ራሱን እንደ ሳተ ሆኖ ዝም የሚልበት ልምምድ አለ። ሁለተኛው ይህን ራሱ አስተውሎ፣ ማንም ሳይነግረው፣ መሪውን መያዝ አለበት። “ካፒቴኑ እስኪነቃ ይጠበቅ” የሚል መልስ የለም።

በትምህርት ቤት ውስጥ ስሕተት ሕይወት አያጠፋም ይባል ይሆናል። ነገር ግን አንድ የትምህርት ዘመን ለተማሪው አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በተሰጠ ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ያህል ብቻ እንደ ነበሩ የሚታወስ ነው። ለዚህ ውጤት መነሻ የሆኑት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ያም ሆኖ እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ ያለ ትምህርት ቤት፣ መሪው በተለወጠ ቊጥር ሦስትና አራት ወር በመደናገር የሚያሳልፍበት ትርፍ ጊዜ የለውም።

ምክትሉ ሙሉ ሥራ ይሰጠው

ከዚህ ሁሉ የምንወስደው መሠረታዊ ሐሳብ፣ ምክትል የሚዘጋጀው ከርእሰ መምህሩ ሥራ ላይ ቊራጭ ቊራጩን በመቀበል ሳይሆን፣ ቊጥራቸው ጥቂት የሆኑ ሥራዎችን ከዕቅድ እስከ ሪፖርት ድረስ ሙሉ በሙሉ በመያዝ ነው የሚል ነው። የፈተና ወረቀት ማባዛትን መቈጣጠር ቊራጭ ሥራ ነው። የአንድን መንፈቀ ዓመት ፈተና ከጥያቄ አወጣጥ ጀምሮ፣ በፈታኞች ድልድል፣ በእርማት፣ በሮስተር ዝግጅትና በቅሬታ አቀራረብ በኩል አልፎ ውጤቱን ለወላጆች እስከ መግለጥ ድረስ መምራት ግን ሙሉ ሥራ ነው። ልዩነቱ የድካም ሳይሆን የውሳኔ ነው። ሙሉ ሥራ የያዘ ሰው “ርእሰ መምህሩን ልጠይቅ” ከማለቱ በፊት ራሱ ይወስናል።

በአቅራቢው አስተያየት ከሁሉ አስቀድሞ ሊሰጥ የሚገባው፣ ከሁሉ ይልቅም የሚሸሸው ሥራ፣ መምህራንን በክፍል ውስጥ መመልከትና የሥራ አፈጻጸማቸውን መሙላት ነው። ምክትሉ ትናንት ከእነርሱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ሻይ የጠጣ ሰው ነው። ከመካከላቸው አንዱ የማስተማሪያ ዕቅዱን እንደማያዘጋጅ፣ ክፍል ዘግይቶ እንደሚገባ ያውቃል፤ ምናልባትም ቀድሞ አብሮት ስቆበት ይሆናል። አሁን ያንኑ ሰው ፊት ለፊት አስቀምጦ የተመለከተውን መንገር፣ ዝቅተኛ ነጥብም ከሆነ ምክንያቱን አስረድቶ መፈረም አለበት። ይህን በክብርና በእውነት ማድረግ የቻለ ምክትል ለርእሰ መምህርነት የቀረው ነገር ብዙ አይደለም። ያልቻለውም ቢሆን ችግሩ የታወቀው ገና የሚያግዘው ሰው አጠገቡ ሳለ ነው። ሁሉን “እጅግ በጣም ጥሩ” ብሎ የሚሞላ ምክትል ካለ ርእሰ መምህሩ ቅጹን ራሱ አያርመው፤ ከምክትሉ ጋር አንዱን ክፍል አብረው ይግቡ፣ ለየብቻ ይሙሉ፣ ከዚያም ለምን እንደ ተለያዩ ይወያዩ።

ገንዘብን በሚመለከት ፍርሃቱ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ብዙ ርእሳነ መምህራን ምክትላቸውን ከዚህ ያርቃሉ፤ ብዙውን ጊዜም ይህን የሚያደርጉት ምክትሉን ከተጠያቂነት ለመጠበቅ በማሰብ ነው። ይሁን እንጂ የኦዲት ሰዎች በመጡ ቀን ያልለመደ ሰው ከለመደው የበለጠ ይጐዳል። የትምህርት ቤት መሻሻል ዕቅድ አንዱ ክፍል፣ ለምሳሌ ቤተ መጻሕፍቱ ወይም ቤተ ሙከራው፣ ከነበጀቱ ለምክትሉ ይሰጥ። ፍላጎቱን ያጥና፣ ዋጋ ያስጠይቅ፣ በግዢ ኮሚቴው ፊት ያስረዳ፣ ዕቃውን ያስገባ፣ ሒሳቡንም ለወላጅ መምህር ኅብረት ያቅርብ። ርእሰ መምህሩ ይፈርማል፤ የሚፈርምበትን ሥራ ግን ሌላ ሰው ሠርቶታል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ፈተና የርእሰ መምህሩ አለመኖር ነው። ቀድሞ ርእሰ መምህር ለስብሰባ ወደ አውራጃ ከተማ በሄደ ጊዜ ትምህርት ቤቱ በእርግጥ ለምክትሉ ይቀር ነበር፤ መልስ ለማግኘት የሚቻልበት መንገድ አልነበረምና። የእጅ ስልክ ከመጣ ወዲህ ግን ርእሰ መምህሩ ከግቢው ቢርቅም ከሥራው አይርቅም፤ በቀን ሃያ ጊዜ ይደወልለታል፣ እርሱም ሃያ ጊዜ ይመልሳል። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው አሥር የሥራ ቀናት፣ ርእሰ መምህሩ ለዓመት ፈቃድ ወይም ለሥልጠና ወጥቶ ስልክ የማይመልስበት ጊዜ በዕቅድ ቢያዝ መልካም ነው። አንደኛው ጊዜ ጸጥ ያለ ወቅት ሳይሆን መስከረም መጨረሻ ወይም የፈተና ሰሞን ይሁን። ሲመለስም በመጀመሪያው ቀን በመምህራን ስብሰባ ላይ የምክትሉን ውሳኔዎች መሻር የለበትም። የተሳሳተ ውሳኔ ካለ ሁለቱ በር ዘግተው ይነጋገሩበት፤ የሚታረመውንም ምክትሉ ራሱ ያርመው። መምህራን አንድ ጊዜ የምክትል ውሳኔ እንደሚሻር ካዩ፣ ከዚያ በኋላ ማንኛውንም ጉዳይ ርእሰ መምህሩ እስኪመለስ ያቆዩታል፤ ምክትሉም ተመልሶ ደወል ወደ መምታት ይገባል።

በምርጫው ጊዜ ስለሚጠየቅ ጥያቄ

ከላይ የተመለከተው ዝግጅት የሚጀምረው ከተመረጠው ሰው ነውና፣ ስለ ምርጫው አንድ ተግባራዊ ሐሳብ እናቅርብ። ለምክትልነት የሚወዳደሩት አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍል ኀላፊዎች፣ ዩኒት ሊደሮች ወይም የክበባት አስተባባሪዎች ናቸው። አወዳዳሪው ኮሚቴ ስለ አመራር ጽንሰ ሐሳብ ትርጓሜ እያስጠና ከሚጠይቃቸው ይልቅ፣ ሲመሩት ወደ ነበረው ክፍል ሄዶ ሁለት ነገር ቢያይ የተሻለ ይማራል። ዕጩው ለሁለት ሳምንት ቢታመም የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ሥራ ምን ይሆናል? በእርሱ ሥር ከሠሩት መምህራን መካከል ዛሬ ክፍሉን መምራት የሚችል አለን? በራሱ ትንሽ ክፍል ውስጥ ተተኪ ያላፈራ ሰው በትልቁ ትምህርት ቤት ያፈራል ብሎ መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። በአንጻሩ ከእርሱ ተምረው ሁለት ሦስት ሰዎች ለኀላፊነት የበቁለት መምህር፣ ንግግር ባይሆንለትም፣ ድምፁም ዝቅ ያለ ቢሆን፣ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ዕጩ ነው።

በዚህ መንገድ ሲታይ እስከ ዛሬ ለምን ጥቂት ሴት ርእሳነ መምህራን እንዳሉን በከፊል ይገለጣል። ምክትል ማለት ተማሪ የሚፈራው ሰው ነው ተብሎ ከታሰበ መምህርቷ ከመጀመሪያው ትታለፋለች፤ ብትመረጥም የልጃገረዶች ጉዳይ ወይም የእንግዳ መስተንግዶ ይሰጣታል እንጂ በጀቱና የመምህራን ምዘናው አይደርሳትም። ከዓመታት በኋላ የርእሰ መምህርነት ቦታ ሲከፈት “ልምድ የላትም” ይባላል። ይህ አባባል እውነት ሊሆን ይችላል፤ ልምዱን የከለከልናት ግን እኛው ነን። ሙሉ ሥራ ይሰጥ የሚለው ሐሳብ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ለእንደዚህ ያሉ ባልደረቦቻችን ነው።

ዕቅድ አውጪዎች ሊያዩት የሚገባ

ትምህርት ቤቱ ብቻውን የማይፈታቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ምክትሉ ከአስተዳደሩ ሥራ ጋር ብዙ ክፍለ ጊዜ እንዲያስተምር ከተደለደለ ከላይ የተባለውን ለመሥራት ጊዜ አይኖረውም፤ ፈጽሞ አያስተምር ማለት ደግሞ ከክፍል መራቅን ያስከትላል። አንድ ክፍል ብቻ ይዞ ቢቆይ ይመረጣል። ለርእሳነ መምህራን በዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው የትምህርት ቤት አመራር የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ሥልጠና ምክትሎችን ከሹመታቸው በፊት ቢያቅፍ፣ የክረምቱን ትምህርት በዓመቱ ሥራቸው ላይ ለመሞከር ይችላሉ። የርእሰ መምህሩ የሥራ አፈጻጸም ሲመዘንም፣ ከምክትሎቹና ከትምህርት ክፍል ኀላፊዎቹ መካከል ስንቶቹ ሙሉ ሥራ እንደ ያዙ፣ ስንቶቹም ሌላ ትምህርት ቤት ለመምራት እንደ በቁ መታየት አለበት። የበቃ ምክትል በዚያው ትምህርት ቤት ቦታ እስኪከፈት አሥር ዓመት እንዲጠብቅ አይገደድ፤ በጉድኝት ማዕከሉ ውስጥ ባለ ሌላ ትምህርት ቤት ቦታ ሲገኝ ይሂድ። ለላከው ርእሰ መምህርም ይህ ጉዳት መስሎ እንዳይታየው፣ መላኩ በማኅደሩ ላይ በበጎ ይጻፍለት።

የዝውውር ደብዳቤም ጊዜ ይመረጥለት። ከሕመም፣ ከሞትና ከዲሲፕሊን ጉዳይ በቀር ርእሰ መምህርን በመንፈቀ ዓመት አጋማሽ ማዛወር ለየትኛው ጥቅም እንደሆነ አቅራቢው እስካሁን አልገባውም። ዝውውሩ ግድ ከሆነ ሁለቱ ሰዎች ቢያንስ አሥር የሥራ ቀናት አብረው ይቀመጡ፤ ርክክቡም ቁልፍ፣ ማኅተምና የንብረት ዝርዝር ብቻ ሳይሆን የተጀመሩ ግዢዎችን፣ መልስ የሚጠበቅባቸውን ደብዳቤዎች፣ የተፈታኞችን ምዝገባ ቀኖችና በክትትል ላይ ያሉ የመምህራን ጉዳዮችን ይጨምር። የምክትሉ የፊርማ ናሙና ደግሞ ርእሰ መምህሩ ገና በቦታው ሳለ፣ በመስከረም ወር፣ በባንክ ይቀመጥ።